ሰባት ቁጥር

«በሰባት ቁጥር ስንት ትመታለህ?» ብሎ ጠየቀኝ አንድ ደንበኛ፣ ባለፈው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ።

«መቶ ሃምሳ» አልኩት። ትንሽ እንኳን አላሰብኩም።

ውሸት ነው እንዳትሉኝ፣ መቶ ሃምሳ ያርድ መትቼ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ። ነፋሱ ከኋላዬ ነበር፤ ሜዳው በፀሐይ ደርቆ አስፋልት መስሏል፤ ኳሷ ወርዳ ነጠረችና ብዙ ተንከባለለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ «መቶ ሃምሳ» የእኔ ቁጥር ሆነ። ሰው ሲጠይቀኝ ስሜን እንደምናገር ነው የምናገረው።

ጎልፍ ለማታውቁ ትንሽ ላብራራ። አንድ ተጫዋች ቦርሳው ውስጥ እስከ 14 ዱላ መያዝ ይችላል። ብረቶቹ ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ኳሷ ወደ ላይ ትወጣለች፣ ርቀቷ ግን ያጥራል። ስለዚህ ተጫዋቹ በየምቱ ሁለት ነገር ማወቅ አለበት። ከዚህ እስከ ቀዳዳው ስንት ነው? እኔስ ይህን ያህል በየትኛው ዱላ እመታለሁ? የመጀመሪያውን ጥያቄ መሣሪያ መመለስ ከጀመረ ቆይቷል። ጉዱ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው።

ጎልፍ ውስጥ የገባሁት ሀብታም ሆኜ አይደለም። የምሠራው ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ውስጥ ባለ የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ ላይ ነው። ካርት አጥባለሁ፣ ባትሪ ቻርጅ አደርጋለሁ፣ ልምምድ ሜዳው ላይ የተበተነውን ኳስ እለቅማለሁ። ማታ ሥራ ስንጨርስ ሠራተኛ እስኪጨልም በነፃ መጫወት ይችላል። መጀመሪያ «የፈረንጅ ሥራ ፈትነት» ብዬ እስቅ ነበር። አንድ ቀን ግን አንዷ ኳስ በትክክል ተመታችልኝ። በቃ፣ ያዘኝ።

መጋቢት ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ አዲስ ሲገዛ የድሮውን የጎልፍ ሰዓቱንና ሴንሰሮቹን በ120 ዶላር ሸጠልኝ። ሰዓቱን ስታዩት ተራ ሰዓት ነው። ውስጡ ግን በዓለም ዙሪያ ካሉ ከ40,000 በላይ ሜዳዎች ካርታ አለው። የትም ብትቆሙ እስከ ግሪኑ መጀመሪያ፣ መሀልና መጨረሻ ስንት ያርድ እንደቀራችሁ ይነግራችኋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች የሚመጣ ምልክት ነው። እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል የሚለቀውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር፤ ስህተቱ እስከ መቶ ሜትር ይደርስ ነበር። መቶ ሜትር የሚሳሳት መሣሪያ ለጎልፍ ምን ይሠራል? በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ማዛባቱ ሲቆም ነው ነገሩ ለእንደኛ ዓይነቱም ጨዋታ የሚሆነው።

ሴንሰሮቹ ደግሞ በየዱላው እጀታ ጫፍ ላይ የሚታሰሩ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ስመታ ሴንሰሩ የትኛው ዱላ እንደሆነ ይናገራል፣ ሰዓቱ የቆምኩበትን ቦታ ይመዘግባል። ኳሷ ያለችበት ሄጄ ስመታ እንደገና ይመዘግባል። በሁለቱ ቦታዎች መሀል ያለው ርቀት የመጀመሪያው ምት ርዝመት ነው። ሌላ ተአምር የለበትም። ብቻ አይረሳም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ ማታ ካርቶቹን ቻርጅ ላይ ሰክቼ፣ ስልኬን ከፍቼ ቁጥሮቼን አየሁ። በሰባት ቁጥር ዱላ 44 ጊዜ መትቻለሁ። አማካዩ፦ 127 ያርድ።

ተሳስቷል አልኩ። መተግበሪያው ምቶችን ማረም ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ገባሁና መሰረዝ ጀመርኩ። ይቺ ዛፍ ነክታ ነው። ይቺ ሳሩ ረዝሞ ነው። ይቺኛዋ ስልክ ጠርቶብኝ ነው። አሥራ አንድ ምት ሰረዝኩ። አማካዩ 134 ሆነ። አሁንም መቶ ሃምሳ አይደለም! አሥራ ሁለተኛውን ልሰርዝ ጣቴን ሳነሳ በራሴ ሳቅሁ። ማንን ነው የማታልለው? ስልኩ የኔ፣ ሰዓቱ የኔ፣ ምቱ የኔ።

ይባስ ብሎ ዴንቨር ነው ያለሁት። ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፣ ኳስ ዝቅ ካለ አገር ይልቅ ወደ አሥር በመቶ ገደማ ትርቃለች። 127ቱም ቢሆን አየሩ ረድቶኝ ነው ማለት ነው። (አዲስ አበባ ከዴንቨርም ከፍ ትላለችና እዚያ ብጫወት ከዚህም ያምርብኝ ነበር።)

ሌላው ያየሁት፣ አብዛኞቹ ኳሶቼ የሚወድቁት ከግሪኑ በፊት መሆኑን ነው። አሸዋ ውስጥ፣ ውኃ ውስጥ፣ ረጅም ሳር ውስጥ፣ ግን ሁሌም ከፊት። ይህ የእኔ ብቻ ችግር አይደለም፤ የአማተር ተጫዋቾች የታወቀ በሽታ ነው። ሰው ዱላ የሚመርጠው በምርጥ ምቱ አስቦ ነው። መቶ ሃምሳ ሲቀረው ያቺን የነሐሴ ኳስ ያስታውስና ሰባት ቁጥር ያወጣል። ኳሷ ሃያ ያርድ ሲጎድላት ደግሞ «ዛሬ አልተመታችልኝም» ይላል። በየቀኑ «ዛሬ» ነው።

ማታ ማታ አብረውኝ የሚጫወቱ አንድ አበሻ አሉ፣ በታክሲ ሥራ ዕድሜያቸውን ጨርሰው ጡረታ የወጡ። ጋሼ ነው የምላቸው። መሣሪያ አይወዱም። «ዓይንህን ለማን ሰጥተህ ነው ሰዓት የምታየው?» ይሉኛል። እርግጥ ርቀት በዓይን ሲገምቱ ብዙም አይስቱም። ቁጥሮቼን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው አዩና «ታዲያ ይሄ ምን ያስለቅሳል? አንድ መቶ ሃያ ሰባት መምታት ነውር ነው እንዴ?» አሉኝ።

«ነውር አይደለም ጋሼ። ግን መቶ ሃምሳ ስል ነው የከረምኩት።»

«እሱማ ነውር ነው» ብለው ሳቁ።

እኔ ግን ብዙ አልሳቅሁም፤ ምክንያቱም ሌላ መቶ ሃምሳ ነበረኝ።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ለእህቴ ደውዬ «በየወሩ ስድስት መቶ ዶላር እልካለሁ» አልኳት። እማዬ ግቢ ውስጥ የሚከራዩ ሁለት ክፍሎች እንሥራ ተባብለን ነበር፤ እማዬ የራሷ ገቢ እንዲኖራት። ያ ወር ጥሩ ወር ነበር። ውድድር በውድድር ነበርን፣ ተጨማሪ ሰዓት ሠርቻለሁ፣ ቲፑም ጥሩ ነበር። ስድስት መቶ ላክሁ። እህቴም የእኔን ቃል ይዛ ትልቅ እቁብ ገባች፣ ቀድማ ወሰደች፣ ብሎኬትና ሲሚንቶ ገዛች።

ያን ማታ የጎልፉን መተግበሪያ ዘግቼ የገንዘብ መላኪያውን ከፈትኩ። አሥራ ሁለቱን ወር አንድ በአንድ ደመርኩ። 4,080 ዶላር። ለአሥራ ሁለት ሲካፈል 340። ጥር ላይ ዜሮ ነው፤ በረዶ ነበር፣ ሥራ ቀዝቅዞ ነበር፣ መኪናዬም ተበላሽታ ነበር። ለእያንዳንዱ ወር ምክንያት ነበረኝ። እዚህኛው ላይ ግን የሚሰረዝ ነገር የለም።

ለእህቴ በየወሩ ስደውል «የሚቀጥለው ወር አስተካክላለሁ» እላት ነበር። እሷም «ችግር የለም፣ ደህና ነን» ትለኝ ነበር።

የጎልፍ ሕግ ስለነዚህ መሣሪያዎች የሚለው ነገር አለ። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ርቀት መለኪያ በመርህ ደረጃ ተፈቅዷል። መሣሪያው የመሬቱን ዳገትና ቁልቁለት አስልቶ «እንዲህ ምታ» እንዲል፣ ወይም ነፋሱን እንዲለካ ግን አይፈቀድም፤ ውድድር ላይ ያ አገልግሎት ይጠፋል። ርቀቱን ይንገርህ፣ ፍርዱ ግን ያንተ ይሁን ነው ነገሩ። እኔም ያን ማታ ርቀቱን አውቄ ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ ደወልኩላት። አዲስ አበባ ማታ ነበር። ሰላምታውን እንደ ወትሮው አራዘምነው። ከዚያ «ስሚኝ፣ ስድስት መቶ አልችልም። ችዬም አላውቅም። የእኔ ሦስት መቶ አርባ ነው» አልኳት።

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «ከደሞዜ ስሞላ ነው የከረምኩት።»

«ምን?»

«እቁቡን። የጎደለውን ከደሞዜ ነው የምሞላው። ጥር ላይ ከጓደኛዬ ተበደርኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም? እኔማ በሚቀጥለው ወር ትልካለህ ብዬ።»

ተናደደችብኝ፣ መብቷ ነው። ለአንድ ዓመት የእሷ ገንዘብ አሸዋ ውስጥ ሲወድቅ እኔ «ዛሬ አልተመታችልኝም» እያልኩ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያ እስክሪብቶ አምጪ አልኳት። እቁቡ የሚያልቅበትን ወር፣ የጓደኛዋን ብድር፣ የቆርቆሮውን ዋጋ ነገረችኝ። በሦስት መቶ አርባ አሰላነው። ሁለቱን ክፍል ዘንድሮ መጨረስ አይቻልም። አንዱን ግን ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮ ማልበስ ይቻላል። የሌላው ግድግዳ በላስቲክ ተሸፍኖ ይከርማል።

ልንዘጋ ስንል «አየህ» አለችኝ፣ «ትንሽ መሆኑ አይደለም የጎዳኝ። አለማወቄ ነው።»

አንዱ ክፍል አሁን ቆርቆሮ ለብሷል። ፎቶውን ልካልኛለች፤ እማዬ በሩ ላይ ነጠላዋን አስተካክላ ቆማለች። የጓደኛዋ ብድር ገና አላለቀም።

በዚያው ሳምንት ከጋሼ ጋር ወጣን። ከፊቴ ኩሬ አለ፣ ከኩሬው ማዶ ግሪኑ። ሰዓቱ 148 አለ። «በስንት ነው?» አሉኝ ጋሼ፣ ሳቃቸውን አፍነው። ሰባት ቁጥርን ቦርሳው ውስጥ ተውኩና አምስት ቁጥር አወጣሁ። ጥሩ ምት አልነበረም፤ ትንሽ ወደ ቀኝ ሄደች። ኩሬውን ግን ተሻገረች።