የተዘጋ መስኮት
ከአዳማ በዴራና በኢተያ አልፈን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው አሰላ ስንወጣ ብርዱ በረታ። ከኋላ የተቀመጡት እናት «ልጄ፣ ነፋሱ ይመታኛል» ቢሉኝ መስኮቱን ዘጋሁ፤ የውጭውን አየር ከልክሎ የውስጡን መልሶ የሚያዞረውንም ቁልፍ ተጫንሁ። ቁልፉ ለአቧራና ለከባድ መኪና ጭስ መልካም ነው። የአምስታችን ትንፋሽ ግን መውጫ አጥቶ በቀዝቃዛው የፊት መስታወት ላይ ጤዛ ሆነ። (በተዘጋ ቤት የራስን ትንፋሽ እየማጉ መኖርን ከፖለቲካችን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ፤ በመኪናዬ ውስጥ ግን አላሰብሁትም።) የፈረስ ጋሪውን ያየሁት ልደርስበት ጥቂት ሲቀረኝ ነው። ፍሬን ያዝሁ፤ ባለጋሪው ዞሮ እንኳ አላየንም። ቁልፉን ወደ ውጭ አየር መልሼ ሙቀቱን ወደ መስታወቱ ባደርገው በጥቂት ደቂቃ ጠራ። እናት ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ «አሁንስ ይታይሃል?» አሉኝ።