በደህና ይዞታ ላይ ያለ

አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ሐረግ አለች፤ «ምንም አልሆነም» የምትል። ራዲዮኑም ምንም አልሆነም፣ ግራሞፎኑም ምንም አልሆነም፣ ካሜራውም ምንም አልሆነም። ቤቴ ባለችው አንዲት የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ አሮጌ የፊልም ካሜራዎችን መሰብሰብ ከጀመርኩ ወዲህ ይህችን ሐረግ ስንት ጊዜ እንደ ሰማኋት መቁጠር ትቻለሁ። ግን አልጠላኋትም። ስብስቤ ሐረጓ እውነት የምትሆንባቸውን ጥቂት አጋጣሚዎች ፍለጋ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

«ደህና ካሜራ በአዲስ አበባ ከየት ይገኛል?» ብሎ የሚጠይቀኝ ወዳጅ ብዙ ነው። መልሱ እንደ ሰውየው ትዕግሥት ይለያያል። ገንዘብ ያለውና ትዕግሥት የሌለው ወደ ቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ መደብሮች ይሂድ፤ እዚያ ካሜራው ከመስቀሉና ከጀበናው አጠገብ ተወልውሎ ይጠብቀዋል፤ ዋጋውም በመልኩ ልክ እንጂ በጤናው ልክ አይደለም። ትዕግሥት ያለው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይውረድ። ቁራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው፣ ልዋጩ በሳህንና በብርጭቆ ለውጦ ያመጣው ሁሉ እዚያ ተዘርግቷል፤ ካሜራውም ከቧንቧ መፍቻና ከተሰበረ ካውያ ጋር ተደባልቆ ይገኛል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ሦስተኛው መንገድ፣ የሰው ቤት ነው። ካሜራውን ማን እንደያዘው፣ ምን እንዳነሳበት የሚናገር አንደበት የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው።

ከዚህ ከተማ መሳቢያዎች የሚወጡት ካሜራዎች የራሳቸው ታሪክ አላቸው። የአርመን ተወላጁ ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ ሙያውንም ለልጆቻቸው አወረሱ። የእርሳቸው ዘመን ካሜራ በእኔ አቅም የሚደረስበት አይደለም። እኔ የማገኘው ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው፤ ከፎቶ ቤት የተረፈ የጀርመን ሮለይፍሌክስ፣ የጃፓን ያሺካ፣ ይልቁንም በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት የሄዱ ወጣቶች በሻንጣቸው ይዘው የተመለሱትን ዜኒት፣ ፌድና ዞርኪ። ዜኒት-ኢ ሞስኮ አቅራቢያ በክራስኖጎርስክ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የተመረተ፣ ቁጥሩም ከ3 ሚሊዮን በላይ የደረሰ፣ እንደ መዶሻ የሚከብድ ካሜራ ነው። ፌድ ደግሞ ካርኮቭ ውስጥ ወላጅ አልባ ልጆች ይሠሩበት በነበረ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1934 መመረት የጀመረ የጀርመኑ ላይካ ግልባጭ ነው። ይህ ዝምድና ለአጭበርባሪ ተመችቶታል፤ የፌድን ስም ፍቆ፣ «ላይካ» ብሎ ቀርጾ፣ ወርቅ ቀብቶና የጦር ሠራዊት ምልክት ጨምሮ የሚሸጥ በየአገሩ ሞልቷል። ወርቅ የለበሰ ላይካ በርካሽ ያገኘ ሰው ከመደሰቱ በፊት ይጠርጥር።

ካሜራ እጄ ሲገባ መጀመሪያ አሸተዋለሁ። የሻጋታ ሽታ ካለው ዓይን ገና ያላየውን አፍንጫ ተናግሮታል ማለት ነው። ቀጥሎ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ከፍቼ ከበስተኋላው የእጅ ባትሪ አበራበታለሁ። ጥቂት አቧራ ምንም አይደለም። የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ክር ከታየ ግን ሻጋታ ነው፤ ጠርዝ ላይ ያለች ትንሽ ክር ሥዕል አታበላሽም፣ የቆየ ሻጋታ ግን የመስታወቱን ልባስ ስለሚበላው ቢጸዳም ጠባሳው ይቀራል። ከዚያ ሌንሱን አውልቄ የጨርቅ መጋረጃውን ወደ ብርሃን አሳየዋለሁ፤ በመርፌ የተወጋ የመሰለ ቀዳዳ ካለው በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ነጭ ነጥብ ይዘራል። ዘገምተኛ ፍጥነት ያለው ካሜራ ከሆነ አንድ ሰከንዱን በጆሮዬ እለካለሁ፤ ቅባቱ የደረቀበት ካሜራ መሃል ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ዞርኪ ከሆነ ደግሞ ሻጩ እንኳ የማያውቃት አንዲት ሕግ አለች፤ ፍጥነቱ የሚለወጠው ካሜራው ከተወጠረ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም፤ አለዚያ ውስጡ ይሰበራል። ዜኒት-ኢ ባትሪ አይፈልግም፤ የብርሃን መለኪያው በሴሊኒየም የሚሠራ ስለሆነ ወደ መስኮት ሲዞር መርፌው ከፍ ካለ ይተነፍሳል። በ1970ዎቹ የጃፓን ካሜራዎች ጀርባ ላይ ያለው ስፖንጅ ወደ ሬንጅነት ተለውጦ ቢገኝ ተስፋ አያስቆርጥም፤ በትንሽ ወጪ ይተካል።

ካሜራን ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ ደግሞ እንዲጠብቀው የተሰፋለት የቆዳ ማኅደር መሆኑ ይገርመኛል። ለብራና መጽሐፍ ማኅደር ሕይወቱ ነው። ለሌንስ ግን የክረምቱን እርጥበት ጠጥቶ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚያቅፈው ቆዳ የሻጋታ ማደጎ ቤት ይሆንበታል። ስለዚህ እኔ ቤት ማኅደሮቹ ለብቻቸው፣ ካሜራዎቹ ለብቻቸው ይኖራሉ።

ይህን ሁሉ ፈተና ያለፈ ካሜራ ግን አንድ ጥያቄ ይዞብኝ ይመጣል። በየሠርጉና በየጥምቀቱ የዋለ ካሜራ ጥቁር ቀለሙ ከማዕዘኑ ተፍቆ ነሐሱ ወጥቷል፤ ማሰሪያው በላብ ነትቧል፤ ሰብሳቢ አይመርጠውም። በደህና ይዞታ ላይ ያለው ብዙ ያልሠራው ነው። ታዲያ ውድ ዋጋ የምንከፍለው ለየትኛው ዕድሜ ነው? ለኖረው ወይስ ላልኖረው?

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ አንድ ወዳጄ ወደ አንዲት አሮጊት ቤት ወሰደኝ። ጓዛቸው ተጠቅልሎ በረንዳው ላይ ተቆልሏል። ከነጭ አንሶላ ውስጥ አንድ ዜኒት ፈትተው ሰጡኝ፤ ኪየቭ የተማሩት ባለቤታቸው ይዘውት የመጡት ነው። እንዲያ ያለ ንጹሕ ዜኒት አይቼ አላውቅም። ባለቤታቸው ካረፉ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ የነካው የለም። ደህንነቱ የሐዘን ሥራ ነበር።

የፊልም መጠቅለያውን ቁልፍ ቀስ ብዬ ሳዞር ተወጥሮ አልዞር አለኝ።

«እማማ፣ ፊልም አለበት» አልኳቸው።

በተጠቀለለው ፍራሽ ላይ ተቀመጡ። «ሥዕሉ ይወጣል?» አሉኝ።

እውነቱን ነገርኳቸው። ያልታጠበ ፊልም ጨለማ ውስጥ ሆኖም ያረጃል፤ የተቀበለው ብርሃን ከዓመት ዓመት ይደበዝዛል። ጥቁርና ነጭ ከሆነ ከባለ ቀለሙ የተሻለ ይጸናል፤ ቢሆንም ጥላ ብቻ ሊወጣ፣ ጨርሶም ላይወጣ ይችላል። ፊልሙን ጀርባው ሳይከፈት ወደ ቆርቆሮው መልሼ ጠቀለልኩና መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። በራሴ ወጪ ላሳጥብላቸው እንደምችልም ነገርኳቸው።

ብዙ ዝም አሉ። በኋላ፣ «ካልታጠበ ሁሉም እዚያ አሉ፤ ከታጠበ የወጣው ብቻ ነው የሚቀረኝ» አሉ።

«መቆየቱ ግን ይጎዳዋል፣ እማማ።»

«አውቃለሁ ልጄ። መጀመሪያ ቤቱ ይፍረስ።»

ፊልሙን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ካሜራውን ሸጡልኝ፤ የጠሩትን ዋጋ ሳልከራከር ከፈልኩ። ስልኬንም ጽፌ ሰጠኋቸው። እስካሁን አልደወሉም። እኔ ዛሬም በነገርኳቸው እጸናለሁ፤ በእኔ ሐሳብ መታጠብ አለበት፤ ከሠላሳ ስድስቱ አንዱ እንኳ ቢወጣ ከምንም ይሻላል። ነገር ግን የእርሳቸውም ቃል ከጆሮዬ አልጠፋም። ቤታቸውን በዚያው ሳምንት ለሚያጡ ሴት፣ ባዶ ሆኖ ሊወጣ የሚችል ፊልም ለማየት መቸኮል እንደማይሆንላቸው ይገባኛል።

ዜኒቱ አሁን ከቁም ሣጥኔ ሁለተኛ መደርደሪያ ላይ ነው። ካሜራ የሚታመመው ሲሠራ ሳይሆን ሲቀመጥ ስለሆነ፣ በየወሩ መጀመሪያ ሁሉንም አውጥቼ እያንዳንዱን ፍጥነት ጥቂት ጊዜ አስጮኻለሁ፤ ቤተሰቤም ድምፁን ለምዶታል። አንዱን ይዤ ወጥቼ ፎቶ የማነሳበት ጊዜም አለ። ያን ጊዜ አንዲት ልማድ አበጅቻለሁ፤ ፊልሙ ተጋምሶ ካሜራውን ወደ መደርደሪያ አልመልስም። የቀሩትን በጎረቤት ልጆች፣ በደጃፉ ባለች ድመት፣ ቡና በምታፈላው እህቴ ላይ እጨርሳቸዋለሁ፤ ፊልሙም በማግሥቱ ይታጠባል።