የፍቅር ልብ ወለድ በትንሽ ገንዘብ

የመምህር ደመወዝ ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ ተርፎ መጽሐፍ የሚያስገዛበት ወር ጥቂት ነው። የፍቅር ልብ ወለድ ግን እንወዳለን። ስለዚህ አራት ባልደረቦች እያዋጣን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች እንገዛለን፤ በየተራም እናነባለን። ከመክፈላችን በፊት የኋለኞቹን ገጾች እናገላብጣለን፤ ብዙ እጅ ያለፈበት መጽሐፍ አስቀድሞ የሚጎድለው መጨረሻው ነውና።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ወፍራም ስለሆነ ወር ሙሉ ያቆያል። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ያለ ክፍያ ሰምተውታል። የዩኒቨርሲቲ ወጣቶችን ፍቅር ለሚሻ ደግሞ የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» አለ።

አንዳንድ ወላጆች ሽፋኑ ላይ «ፍቅር» የሚል ቃል ሲያዩ መጽሐፉን ይነጥቃሉ። ልጁ ግን ማንበቡን አይተውም፤ ፍራሽ ሥር ደብቆ ብቻውን ያነባል። እኛ በየቤታችን መጽሐፉን ሳሎን ማኖር መረጥን። ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ኩራት ተይዘው ልጃቸውን ሰብለን ለጠያቂዎቿ ሁሉ ሲነፍጉ ስናነብ፣ «እኛስ ቤት ልጅ ስትጠየቅ የምንመዝነው ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። እንዲህ ያለውን ጨዋታ ለመክፈት አንድ ያረጀ መጽሐፍ ይበቃል።