የውጫሌ ውል የማን ልጅ ነው?

የወሎ ሰው እንግዳ ሲመጣበት ቡናውን አጠጥቶ፣ ጨዋታ ጀማምሮ፣ ቀስ ብሎ «ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?» ማለቱ አይቀርም። ከሐይቅ ተነስቶ በወልድያ መንገድ ውጫሌ የደረሰ ሰው ግን ስለ ውሉ የሚነገረው የአማርኛውና የጣሊያንኛው ቅጂ የተለያዩበት አንቀጽ 17 ብቻ ነው። እዚያ ላይ የምጨምረው የለኝም። እኔ የምጠይቀው ዘሩን ነው።

አባቱ አይጠፋም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክ ከኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ጋር ሲዋዋሉ፣ ሰውየው የመጣው በንጉሥ ኡምቤርቶ ስም ነው። ኡምቤርቶ ደግሞ የቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ልጅ ነው፤ አባትየው በ1861 (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው) የአንዲት ጣሊያን የመጀመሪያ ንጉሥ ሆነ። ያን ጊዜ እኛም ዘንድ ቴዎድሮስ የመሳፍንቱን አገር አንድ አደርጋለሁ ብለው ይማስኑ ነበር። አንድነት የዘመኑ ወረት ነበር ማለት ነው።

የውሉ ክርስትና አባት ግን ሙዚቀኛ ነው። ጁሴፔ ቬርዲ በ1842 ሚላኖ ላይ «ናቡኮ»ን አሳየ፤ ባቢሎን የተማረኩ አይሁድ አገራቸውን እያሰቡ በኅብረት የሚያዜሙበት ኦፔራ ነው። ሚላኖ በኦስትሪያ ሥር ነበረችና ዜማው ውሎ አድሮ የጣሊያኖች ሆነ። (ወሬው ከእውነቱ ገንኗል የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። የማን አገር ወሬ ያልገነነ!) በ1859 ደግሞ «ቬርዲ ለዘላለም ይኑር» የሚል መፈክር ተነሳ። ላይ ላዩን ሙዚቀኛውን ማወደስ ነው፤ ፊደላቱን ለየብቻ ለሚያነብ ግን «ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ፣ የጣሊያን ንጉሥ» ይላል። ሰምና ወርቅ የእኛ ብቻ መስሎን!

ይኸው ቬርዲ ለግብፁ ኬዲቭ እስማኤል «አይዳ»ን ደረሰ፤ በ1871 ካይሮ ላይ ታየ። አይዳ ግብፅ የተማረከች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ግብፆች በጦርነቱ ያሸንፋሉ። እስማኤል መድረኩን አምኖ ነው መሰል እውነተኛ ጦር ላከብን፤ በ1875 ጉንደት፣ በ1876 ጉራ ላይ አፄ ዮሐንስ ሌላ ገቢር አሳዩት። ስሟን ግን ወደድነው፤ ስንቷ የሰፈራችን ልጅ አይዳ ናት።

ወደ ዘሩ ልመለስ። ውሉ ሲፈረም የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ፍራንቸስኮ ክሪስፒ፣ በ1860 ከጋሪባልዲ ሺህ ዘማቾች ጋር ሲሲሊ የወረደ የአንድነት ታጋይ ነው። የአንቶኔሊ አጎት ካርዲናል አንቶኔሊ ደግሞ የፖፑ ቀኝ እጅ ሆኖ ያንኑ አንድነት የተቃወመ ነው። ሮም ላይ የተጣሉት ሁለት ወገኖች ውጫሌ ላይ ታረቁ። ለእርቁ የታሰበው ካሣ የእኛ መሬት ነበር። ባዕድ ገዢ አንገሽግሾት በዘፈን የተነሳ ሕዝብ፣ አንድ በሆነ በሃያ ስምንት ዓመቱ ባዕድ ለመግዛት ውጫሌ እስካለችበት አምባሰል ድረስ ወጣ።

አምባሰልም ዜማ አላጣም፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ በስሙ ይጠራል። ሐይቅ ላይ የሰማሁት አዝማሪ ደጋኑን ዕጣን አሸት አሸት አድርጎ፣ በማሲንቆው በአንዲቷ ጭራ አምባሰልን ሲይዘው አንዴ ግሸንን፣ አንዴ ቆንጆዋን፣ አንዴም ሒሳቡን ሳይከፍል ሊወጣ ያኮበኮበውን ደንበኛ ያነሳል። በዚያ ዜማ ሰክሮ ቅኝ ግዛት ፍለጋ የሄደ አልሰማሁም፤ ደንበኛው ግን ከበር ተመለሰ።

ምኒልክ ውሉን ማፍረሳቸውን ለዓለም ያስታወቁት በ1893 ነው። በዚያው ዓመት ሰማንያ ሊሞላው የተቃረበው ቬርዲ የመጨረሻ ኦፔራውን ሚላኖ ላይ አሳየ። ኮሜዲ ነበር።