የተጫረው ሸክላ

አምባ ጊዮርጊስ ብርድ የማይለቃት ከተማ ናት። በልጅነቴ ማታ ማታ ምድጃውን ከብበን ስንቀመጥ፣ መምህር የነበረው ታላቅ ወንድሜ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን የሸክላ ማጫወቻ ይከፍትልን ነበር። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የዓለማየሁ እሸቴን «ትማርኪያለሽ» ነው።

ዓለማየሁ በኤልቪስ ፕሪስሊ ፍቅር ያደገ፣ በፖሊስ ኦርኬስትራ የታወቀ ድምፃዊ ነበር። ሸክላውን እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመው አምኃ እሸቴ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለአገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ስለ ነበር ድፍረቱ ቀላል አልነበረም። አያቴ ግን «ማሲንቆ የሌለበት ምን ዘፈን ነው?» ይሉ ነበር። ይበሉ እንጂ እግራቸው ምቱን ሲከተል አይቻለሁ።

አንድ ማታ መርፌው ከእጄ አመለጠና ሸክላውን ጫረው። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑ እዚያች ቦታ ሲደርስ ይዘላል። ወንድሜ አልተቆጣኝም፤ የጎደለውን ስንኝ በራሱ ድምፅ ይሞላው ጀመር።

በ1970 ዓ.ም. አንድ ቀን ከቤት እንደ ወጣ አልተመለሰም።

የድሮ ሸክላ ናፍቆት የወጣትነት ናፍቆት ነው የሚሉ አሉ። እኔ በዚያ ዘመን ሕፃን ነበርሁ፤ ሮክ ኤንድ ሮል የጨፈርሁበት ቀን የለም።

አምኃም ዓለማየሁም እ.ኤ.አ. በ2021 አረፉ። ዘፈኑን ዛሬ በእጅ ስልኬ እሰማዋለሁ፤ ጠርቶና ጸድቶ፣ አንዲትም ሳይዘል ይፈስሳል። እኔ ግን ያቺ ቦታ ስትቃረብ ትንፋሼን እይዛለሁ። ስንኙን ዓለማየሁ ራሱ ይዘፍነዋል፤ የወንድሜ ቦታ ተይዟል።