የላስታ ሹሩባ

አንባቢ ሆይ! ላሊበላ ሲሄዱ 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ብቻ አይተው አይመለሱ። ጾመ ፍልሰታ ተፈትቶ ነሐሴ 16 ቀን አሸንድዬ ሲገባ፣ ልጃገረዶች አሸንድዬ የተባለውን ረጅም ሣር በወገባቸው አስረው፣ ከበሮ እየመቱ ይወጣሉ።

ከዚያ አስቀድሞ ግን የሹሩባ ሠሪዋን ደጅ ይጎብኙ። ጠጉሯን በሚዶ ከፍላ ጎንጉና፣ ዓይኗን ኩላ ስትጨርስላት፣ አንገቷን ደፍታ የገባችው ልጅ ቀና ብላ ትወጣለች።

ብዙዎቻችን ይህን እንደ ጨዋታ እንጂ እንደ ሥራ አንቆጥረውም፤ ተሳስተናል። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ፣ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያም በጦርነቱ ጎብኚ ሲጠፋ የአስጎብኚውና የሆቴሉ ገቢ ደረቀ። የሹሩባ ሠሪዋ ደንበኛ ግን የጎረቤት ልጅ ናት፤ ከባሕር ማዶ አትጠበቅም።

ስለዚህ እኅትዎን ሲያስሠሩ በምስጋና ብቻ አይሸኟት፤ የእጇን ዋጋ ይክፈሏት።