የእናቴ ሦስት ድፎ

ዛሬስ ስለ ገና ዝግጅት እንጂ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

በደባርቅ የታኅሣሥ ውርጭ አጥንት ይሰብራል። ጾመ ነቢያት በመሆኑ ወተት ከቤት ይርቃል። ጾም የማታውቀው ድመታችን ምድጃው ዳር ተጋድማ፣ እናቴ ለአዲስ መሶብ ያዘጋጀችውን አለላ በጥፍሯ ትጎትታለች፤ እናቴም ወስፌዋን ይዛ ትቆጣታለች።

የ2014 ዓ.ም. ገና ግን መሶቡ ሳያልቅ ደረሰ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከአዲ አርቃይ ያፈናቀላቸው ወገኖች ወደ ከተማችን ጎርፈው ነበር፤ በነሐሴ መጨረሻም በዳባት ወረዳ፣ ጭና ላይ ሰላማውያን ሰዎች ተገደሉ። ገና ሲደርስም ወደ ቀያቸው ያልተመለሱ ነበሩ። እናቴ ስፌቱን ትታ፣ ከላይም ከታችም እሳት አድርጋ ሦስት ድፎ ጋገረች። «አንዱ ለእኛ፣ ሁለቱ ለእንግዶቹ» አለች።

በዚያው ሰሞን መንግሥት በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን «ገናን በአገራችሁ አክብሩ» ብሎ ጠርቶ ነበር። መልካም ጥሪ ነው። ከገዛ ቤቱ ጥቂት ሰዓት ርቆ፣ በሰው ዳቦ በዓል የዋለውን ግን ወደ ቤቱ ማን ጠራው?

ድመት በጆንያ ወስደው ቢጥሏት እንኳ የቤቷን መንገድ ታውቃለች። ሰውም ያውቃል፤ ያጣው መንገዱን ሳይሆን ሰላሙን ነው።